ጣሪያ እንጠግናለን

ጥፋቱ የቀለም ቀቢው ነው። ልጁ «ጣሪያ እጠግናለሁ ብለህ ጻፍልኝ» ነበር ያለው። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ አንጠፍጥፎ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «እጠግናለሁ ካልክ እኮ ብቻህን መሆንህን አገር ያውቃል። ብቻውን ጣሪያ ላይ የሚወጣ ድመት ነው፤ እሱም መውረዱ ሲያቅተው ያለቅሳል። መሃሏ ላይ አንዲት ‹ን› ልጨምርልህ፣ መጨረሻዋንም ላስተካክልልህና እንጠግናለን ይሁን። የፊደሏን አላስከፍልህም» አለው።

ልጁ እሺ አለ። እሺ ማለት ይቀናዋል።

ሰሌዳው ከአሮጌ ላሜራ የተቆረጠ ነበር። በነጭ መደብ ላይ በቀይ «ጣሪያ እንጠግናለን» ተብሎበት አጥራቸው ላይ በሽቦ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረሳውና «እኛ» አለው። «እኛ መጣ።» «እኛ ዛሬ ፊቱን አልታጠበም እንዴ?» ባለሱቁማ ልጁ ዳቦ ሊገዛ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን ያሰግጋል።

«እኛ፣ ስንት ልስጣችሁ?»

«አንድ።»

«አንድ ለስንታችሁ?»

ልጁ ፈገግ ብሎ ዳቦውን ይዞ ይሄዳል። መልስ የሚመጣለት ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያውም ጥሩ ጥሩ መልስ።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል። ያመጣው ውጤት ወደ ላይ የማያወጣ፣ ወደ ታችም የማያወርድ፣ ሰውን መሰላል መሃል ላይ የሚያስቀር ውጤት ነበር። ሲሄድ ሐሳብ ይዞት ይሄዳል። እናቱ ጨው ግዛ ብላ ስትልከው ክብሪት ይዞላት የተመለሰ ልጅ ነው። አንድ ነገር ግን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል፤ ጣሪያን ከስሩ።

አባቱ ስሙ የተጠራ ጣሪያ ሠሪ ነበር። የሚያፈስ ቤት ሲጠሩት ልጁን አስከትሎ ይሄድ ነበር። አባት ከላይ፣ ልጅ ከታች። ልጁ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ጨለማው መሃል ይቆምና ሽቅብ ያያል። ሚስማር የለቀቀበት፣ ዝገት የበላው ቀዳዳ ሁሉ ጥቁሩ ቆርቆሮ ላይ ብልጭ ይላል። እነሱ ቤት ይህ «ኮከብ» ነው የሚባለው። ልጁ በረጅም ዘንግ ከኮከቡ አጠገብ ኳ ኳ ያደርጋል፤ አባቱ ድምፁን በጆሮው ተከትሎ ይመጣና ሬንጅ የጠጣ ጨርቅ ይለጥፍበታል፤ ኮከቡ ድርግም ይላል። «ስንት ቀረ?» ይላል ከላይ። «ሁለት ቀረ።» «አሁንስ?» መጨረሻ ላይ ልጁ አፉን ሞልቶ «ጨለመ» ይላል። አባትየው መዶሻውን ወገቡ ላይ ሽጦ የሚወርደው ያንን ቃል ሲሰማ ብቻ ነው። ሰው ቤት ጨለመ ሲባል መብራት ይፈለጋል። እነሱ ቤት ጨለመ ከተባለ ሥራው አምሯል ማለት ነው፤ እጅ ታጥቦ ይበላል።

ኋላ አባቱን በሽታ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተሳበ፤ አንዲት ቃል ሲያወጣ ከጉድጓድ ድንጋይ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ልጁ ሥራውን በራሱ ሊጀምር ሲያስብ መጀመሪያ ያደረገው ያንን ዘንግ ወልውሎ አባቱ አልጋ አጠገብ ማቆም ነበር።

«አባባ፣ እኔ ከላይ ልሁን፣ አንተ ከታች። በወንበር አድርጌ እወስድሃለሁ። በግራ እጅህ ማንኳኳት ብቻ ነው።»

አባትየው ዘንጉን አየ። ልጁን አየ። «ከ... ታች» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቱ ልጁን ተከትላ ደጅ ወጣች። «የልጅ ሥራ እኮ ነው የሰጠኸው፣ የኔ ጌታ። ተወው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አንተም አትጨምርበት።»

የእናቱ ወንድም ሌላ ከተማ ወፍጮ ቤት አለው። ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ቀልዱ ግን እንደ መርፌ ነው፣ ክሩን ይዞ ይገባል። ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ሰሌዳውን አጥሩ ላይ አይቶ ሲስቅ ነው የገባው።

«ምሁሩ፣ እንጠግናለን ብለሃል። ሌላው የት ሄዶ ነው?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንድ እንጨት አይነድም፣ ልጄ። ይልቅ ከኔ ጋር ና። ጆንያ የሚሸከም ሰው አጥቼ እኔ ራሴ ልሸከም ነው። ትከሻ አለህ፤ ጭንቅላቱን እዚሁ ትተኸው ብትመጣም ግድ የለኝም።»

እናቱ መሃል ገባች። «አንድ ጣሪያ እንኳ ይሞክር፣ ወንድሜ። በአባቱ ሙያ ነው።»

አጎትየው ወደ አልጋው ዞር ብሎ አየ፤ የልጁ አባት ዓይኑን ጨፍኗል፣ ግን አልተኛም። አጎትየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሁን። የመጀመሪያው ዝናብ ይፍረድ። የሠራው ጣሪያ ጠብ ካላለ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካፈሰሰ ግን ዕቃውን ሸክፎ ከኔ ጋር ይሄዳል። ጆንያ ተሸክሞም ቢሆን ያልማል፣ ማን ይከለክለዋል?»

ልጁ እሺ አለ። ያስፈራው ጆንያው አልነበረም። እሱ ከሄደ እዚያ ቤት ውስጥ የጣሪያ ነገር የሚያነሳ አይኖርም። አባቱ ተኝቶ በጆሮው የሚከተለው መዶሻ አይኖርም። ከቤቱ ሙያው ይወጣል፤ አባቱም ሙያው እንደወጣ እያወቀ እዚያ ግድግዳ ስር ይቀራል።

በበጋ ደግሞ ጣሪያውን የሚያስታውስ ሰው የለም። በር እያንኳኳ «የሚያፈስ አላችሁ?» ሲል «ኧረ የኛ ደህና ነው» ይሉታል፣ አምና ክረምት ድስቱን ሁሉ ወለል ላይ ደርድረው ጠብታ ሲቀልቡ የከረሙት ሰዎች። አንዲት ሴትዮ ራራችለትና «ሲያፈስ እንጠራሃለን» አለችው።

«ሲያፈስማ አይወጣም። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል።»

«ታዲያ አንተ ሥራህ መቼ ነው?» አለችው ከልቧ አዝና።

ለዚህስ ቤቱ ከደረሰ በኋላም መልስ አልመጣለትም።

እሺ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ የካርቶን ልክ። ኮርኒስ የለውም፤ ቀና ሲሉ ቆርቆሮው ራሱ ነው። እንግዲህ የሰፈሩ አፍ እሷ ናት። ልክ ስትወስድ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ መንቀሳቀስ አይችልም፣ የምትለውን ሁሉ ይሰማል። እሷ ጎበዝ ነው ካለች ጎበዝ ነው፤ እሷ ከንፈሯን ከመጠጠችለት ሰውዬው ሰፈር ቢቀይር ይሻለዋል።

«ከታች ማን ይቆምልሃል?» አለችው፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ። «አባትህ ሲመጣ አንተ ነበርክ። እዚህ ጋ ቆመህ ጨለመ ስትል ትዝ ይለኛል፤ ደንግጬ ጣቴን ወግቼ ነበር።»

«ዘዴ አለኝ፣ እትዬ።»

«በል እሱን እናያለን። እዚያ ጥግ ያለውን እንኳ ብትተወው ግድ የለም። ውሃው ቆርቆሮውን ይዞ ይንሸራተትና በግድግዳው ነው የሚወርድ። ጣሳ አስቀምጬለታለሁ፤ ተለማምደናል።»

«ሁሉንም ነው የምደፍነው» አላት።

ዘዴውን ያገኘው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው፤ ደስ ብሎት ለማንም ሳይናገር ከርሟል። ቀጭን ሽቦ በአጭር በአጭሩ ይቆርጣል። ከታች ሆኖ በየኮከቡ አንዳንድ ሽቦ ወደ ላይ ይሰካል። ከዚያ መሰላሉን ይወጣል፤ ሽቦዎቹ ቆርቆሮው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። የሚያንኳኳ ሰው አያስፈልግም። እያንዳንዷን ይነቅልና ቦታዋን በሬንጅ ጨርቅ ይለጥፋል።

እንዳሰበውም ሆነ። ጠረጴዛዋ ላይ ወንበር ጭኖ፣ አንገቱ እስኪደነዝዝ አንጋጦ ሽቦውን ሁሉ ሰካ። ጣሪያው ላይ ሲወጣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ ቆርቆሮው በጫማ ውስጥ ያቃጥላል፤ ሽቦዎቹ ግን ገና እንደበቀለ ሣር ብቅ ብቅ ብለው አገኛቸው። ልቡ ሞላ። ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ጨርቁን ሬንጅ ውስጥ እየነከረ፣ በመዳፉ እየደፈጠጠ ሄደ። አንዳንዴ ሥራውን አቁሞ የጣሪያውን ብዛት ያያል። ሁሉም ጣሪያ ዝጓል፤ ሁሉም ይጠብቀዋል። ሰሌዳው ውሸት መሆኑ የሚቀርበት፣ ከታች የሚቆምለት ሰው ቀጥሮ «ስንት ቀረ?» የሚልበት ቀን ታየው። ሬንጁ እስኪደርቅበት ድረስ ታየው።

የማይነቀል ሽቦ ሲያጣ ወረደ። ወንበሩን ከጠረጴዛው አወረደ፣ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ መሃል ላይ ቆሞ አንጋጠጠ። አንድም ኮከብ የለም። ድፍን ጥቁር። ጉሮሮውን ጠረገና ለማንም ሳይሆን «ጨለመ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ሆና ሳቀች።

ያላየው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። እዚያ ከጠረጴዛው አናት በላይ፣ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የተደረበበት ቦታ፣ የሰካት አንዲት ሽቦ ወደ ላይ መውጣት ትታ በሁለቱ ቆርቆሮዎች መሃል ተጣጥፋ ቀርታለች። ከላይ አትታይም። ቀዳዳዋን ራሷ ስለወተፈችው ብርሃን አታስገባም። ጭራዋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ጨለማ ውስጥ ሽቦ ከየት ይታያል። ከታች ሰው ቆሞ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ቢያይ ኖሮ «አንድ ቀረ» ባለ። ያቺ ቤት ውስጥ ግን አንድ ቀረ የሚል ሰው አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ አፏን አላሳረፈችም። «እኛ ጎብዟል» አለች ለልክ ለመጣ ሁሉ። ባለሱቁ ዳቦ ሲያቀብለው ቀልዱን ለአንድ ቀን ተወና፣ «የኔንም ሱቅ ታዩልኝ የለ? ግን መጀመሪያ ዝናቡን ልየው» አለው። ሌሎችም እንደዚያ አሉት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ልጁ ይህንን ለአባቱ ነገረው። ልጁ ሲነሳ ዘንጉ ቀድሞ ካቆመበት ቦታ ትንሽ ወደ አልጋው የተጠጋ መሰለው። እናቱ ስትጠርግ ያነሳችው ይሆናል።

አጎቱ ደመናውን ተከትሎ መጣ። ሻይ ቀርቦለት ሳይጨርስ ከሰዓት በኋላው ጠቆረ፤ ነፋሱ አቧራውንና የፕላስቲክ ከረጢቱን ሁሉ ሰብስቦ አለፈ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደወረወሩበት ጧ አለ። ወዲያው ዘነበ። ሰው ከሰው መሰማማት ቀረ።

የራሳቸው ቤት ጣሪያ አባቱ አልጋ ራስጌ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ልጁ ሬንጁን ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ቤት ጨርሶታል፤ ለራሳችን በኋላ ብሎ ነበር። እናቱ ሳፋ አምጥታ ከስሩ አደረገች።

«የጠጋኙ ቤት» አለ አጎቱ፣ ጮክ ብሎ። «ሂድ እንግዲህ፣ ዳኛው መጥቷል።»

ልጁ ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ ሮጠ።

ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ዝናብ የሸሹ ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ባለሱቁም አለበት። «እኛ መጡ፣ መንገድ ልቀቁላቸው» አለ። ልጁ በመሃላቸው ሾልኮ ገባ። መጀመሪያ ያየው ጥጉን ነው፤ ጣሳው ደረቅ ነው። ከበሩ በላይ አየ፤ ደረቅ። ከመኪናዋ በላይ፤ ደረቅ። ጨርቁን የለጠፈበትን ቦታ ሁሉ በልቡ ያውቀዋልና አንድ በአንድ በዓይኑ ዞረው፤ ሁሉም ይዟል። ፊቱ ሊፈካ ሲል ልብስ ሰፊዋን አያት። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የክሊኒክ ነጭ ጋዋኖች ተቆርጠው፣ ገሚሱም ተሰፍተው ተቆልለዋል።

ከቁልሉ በላይ አንዲት ሽቦ ተንጠልጥላለች። ጫፏ ላይ ጠብታ አበጠ፣ ቀላ ብሎ አብረቀረቀ፣ ወደቀ። ወዲያው ሌላ አበጠ። በተደረበው ቆርቆሮ መሃል የገባው ውሃ ድሮ ቢሆን ተንሸራትቶ ጥጉ ጋ በግድግዳው ይወርድ ነበር። ሽቦዋ አቋራጭ መንገድ ሰጠችው። ከላይኛው ጋዋን እስከ ታችኛው ዝገት ያዘለ ውሃ ዘልቆ፣ ነጩ ጨርቅ መሃል ለመሃል ሻይ የተደፋበት መስሏል።

«ዘግይቼ ነው ያየሁት» አለች። አልጮኸችም። «ዝናቡን ሰምቼ ጥጉን ነበር የማየው። ጥጉ አላፈሰሰም ብዬ ለሰዎቹ እየነገርኳቸው ነበር።»

ልጁ ወንበር ሳይጭን ጠረጴዛው ላይ ወጣና ተንጠራርቶ ሽቦዋን ያዘ። ተጣጥፋ ስለነበር አልነቀል አለችው። በመጨረሻ ስትወጣ ከኋላዋ ውሃው ቀጥ ብሎ እንደ ክር ወረደ፤ ሰዎቹ ኧረ አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ቁልሉን በሁለት እጇ አቅፋ ገለል አደረገችው።

«ይታጠባል፣ እትዬ?»

«ዝገት አይለቅም። ይሄን እንኳ ታውቃለህ።» ሽቦዋን ከመዳፉ ወሰደችና አገላብጣ አየቻት፤ መልሳ እጁ ላይ አኖረቻት። «ይቺ የናንተ ናት» አለችው።

የናንተ። ደጃፍ ከቆሙት አንድም ሰው አልሳቀም። ባለሱቁ ወደ ዝናቡ ዞሮ ሰማዩን ያይ ጀመር።

ቤት ሲደርስ አጎቱ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ፊቱን አየና መልሶ ዘጋው። ያ ከስድብ በላይ ከበደው። እናቱ ሁለት ሸሚዙንና ሹራቡን አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ እንደገና አጣጠፈች።

«መኪናው አይጠብቅም» አለ አጎቱ፣ ሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ።

ያን ጊዜ ኳ ኳ የሚል ሰሙ። አባቱ ነው። በግራ እጁ ዘንጉን ይዞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከራስጌው በላይ ቆርቆሮውን ይመታል። ውሃው ከሳፋው አልፎ ትራሱን አርሶታል። ልጁን አየውና ያንን ድንጋይ ከጉድጓዱ አወጣ። «ው... ጣ።»

«እርጥብ ቆርቆሮ ላይ?» አለ አጎቱ። «ኧረ ተው፣ ልጁን ትገድለዋለህ።»

ልጁ ወጥቷል። ሬንጅ የለም፤ ጨርቅ የለም። አጥሩ ጋ ሄዶ ሰሌዳውን ከሽቦው ፈታ፤ መዶሻና ሚስማር ይዞ መሰላሉን ወጣ። ጣሪያው ላይ በደረቱ ተኝቶ ተሳበ። ዝናቡ ጀርባውን ይገርፈዋል። ጉንጩን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈና አዳመጠ። በዚያ ሁሉ ውርጅብኝ ስር፣ ሩቅ፣ ኳ ኳ። ወደ ግራ ተሳበ። ኳ ኳ። እዚህ ነው። ከታች ሆኖ ሲያንኳኳ ያደገ ልጅ፣ ድምፁ ከላይ እንዲህ እንደሚሰማ አያውቅም ነበር፤ የሰው ልብ ላይ ጆሮ እንደ ማስደገፍ ነው።

ላሜራውን ፊደሎቹን ወደ ታች አድርጎ አስተኛው፣ ጫፉን በላይኛው ቆርቆሮ ስር ሸጎጠው፣ ሚስማሩን ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ መታ። መዶሻው ጣቱን ደጋግሞ አገኘው። ሲጨርስ አፉን ወደ ቆርቆሮው አቀረበ።

«አባባ፣ ስንት ቀረ?»

ኳ ኳው ቆሟል።

«ጨለመ?»

ዝናቡ ብቻ።

«አባባ፣ ጨለመ ወይ?»

ጆሮውን ደግሞ ለጠፈ። ሰማዩ በሙሉ እዚያች ላሜራ ላይ የሚፈስ ይመስላል፤ አዎም አይደለምም አይልም። አጎቱ ከመሰላሉ ስር ሆኖ እጁን አወናጨፈለት።

ሲገባ አባቱ ዓይኑን ጨፍኗል። ዘንጉ ደረቱ ላይ ጋደም ብሏል፤ ግራ እጁ አልለቀቀውም። ሳፋው ውስጥ ጠብታው ቆሞ ይሁን ዘግይቶ ልጁ አልለየም፤ ቆሞ ለማየት ጊዜ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ የአባቱን እጅ ሳመ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን ዘንጉን ያዝ አድርጓል።

እናቱ በሩ ጋ ከረጢቱን አቀበለችው። «ጨለመ ብሏል» አለችው። «ዝናቡ ነው ያላሰማህ እንጂ ብሏል።»

ፊቷን አየ። እናቱ ጨው ተልኮ ክብሪት ይዞላት ሲመጣ «እኔም የፈለግኩት ክብሪት ነበር» ያለች ሴት ናት።

«እሺ፣ እማዬ» አላት።

ከአጎቱ ኋላ ወጣ። አጥሩ ላይ ሰሌዳው የታሰረባቸው ሁለት ሽቦዎች ባዷቸውን ቀርተው ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። የአንደኛው ጫፍ ላይ ጠብታ አብጧል። ልጁ እስኪወድቅ ሊያይ ቆመ።

«ና እንጂ» አለ አጎቱ።